ቁጥር አሥራ አምስት

ከኮሌጁ በረት፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ፣
ሰኞ በማለዳ፣ ግልገሉ ሳይጠባ፣
ሚዛን እሰቅላለሁ፤ ይኸው ስድስት ዓመት
ቁጥር ስለቃቅም፣ ደብተሬ ላይ ስከት።
የሐዋሳ ጤዛ ገና ሳይረግፍ ከሣሩ፣
እግራቸው ተንጠልጥሎ በአየር ሲወራጩ አብረው ሲያሽካኩ፣ ሲያማርሩ።

አሥራ አራትና አሥራ አምስት መንትዮች፣
የአንዲት ፍየል ልጆች፣
አንድ ዓይነት ነጭ ግንባር፣ አንድ ዓይነት ኮቴዎች።
አሥራ አራት ሲጠግብ በጡጦ ሙቅ ወተት፣
ለአሥራ አምስት ግማሹ ነው የተፈቀደለት።
«ስድስት ሳምንት ብቻ» ዶክተር ትርንጎ አለች፣
«ከዚያ እኩል ይበላል» ሰንጠረዥ አሳየች።
ጥያቄው ቀላል ነው፦ የጎደለው ሲሞላ፣
የቀረው ይመጣል ወይ፣ ከዚያ በኋላ?

መልሱን አውቀዋለሁ። የአምናዎቹን አይቻለሁ።
ሚዛኑ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሲታረዱ ግን
ስቡ ነጭ፣ ወፍራም፤ ጭኑ የሕፃን ክንድ።

«ጡንቻን» አለችኝ አንዴ «ሸማ በለው ካሻህ፤
ድሩን በጠዋቱ ካልዘረጋህ፣ ካነስህ፣
ማታ ጥጥ በጆንያ ቢያራግፉልህ ደጅ
ቁልል ይሆናል እንጅ፣
ጋቢ አይወጣውም።»

እኔ ወንድም አለኝ፣ ሃመሶ የሚባል፤
እንሰቱን አጠውልግ በፈጀበት ዓመት፣ በመጋቢት ተወልዷል።
የእናቴ ጡት ደርቆ፣ ለብ ያለ ውኃ በጨው
ነበር የሚያታልለው።
ዛሬማ ይበላል፤ ከፓርኩ ወር ሲሞላ
ዓሣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቀበቶው እስኪላላ።
ሆዱ ይቀድመዋል። ግን የጨርቁን ጥቅል
ከመኪና ሲያወርድ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል።
«ዛሬ ነው የደከመኝ» ይላል እየሳቀ፣
የእጁን አንጓ በእጅጌው እየደበቀ።
ሁሌ «ዛሬ» ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ተረኛ ያደርኩ ለታ፣
አሥራ አምስት ሽቦውን ይልሳል በዝምታ።
ቢጮህ እተኛ ነበር።
ተነሣሁ። ለሻዬ የገዛኋትን ላስቲክ ወተት
አሞቅሁ፤ በጡጦ፣ በጨለማ ሰጠሁት።
ጭራው እንደ እብድ ተርገበገበ።
በማግስቱም ደገምኩ። በማግስቱም። እስከ ሰኞ።

ሚዛን ዘመድ የለው፤ ይሉኝታ አያውቅም፤
ተናገረብኝ፦ መቶ ሰማንያ ግራም
ትርፍ፣ ሊኖር የማይገባው።
እርሳሴ ቆመ። ያለፈውን ቁጥር
ደግሜ ልጻፈው? ማን ያያል? ማን ይቆጥር?
ጻፍኩት እንዳለ።

ዶክተሯ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ እጅጌዬን፣
የደረቀ ወተት የነጣበትን።
አልተቆጣችም። ቀይ ብዕር አወጣች፤
በአሥራ አምስት ላይ አንዲት መስመር ሰመረች፤
ዳር ላይ ጻፈች፦ «ከጥናቱ ወጥቷል።»
በሩ ጋ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳትመልስ፦
«እንግዲህ ሙሉውን ስጠው።»

አሁን እስኪበቃው ይጠባል። ማንም አይመዝነው።
ሦስት ሳምንት ጎድሎታል፤
ድሩ ይደርስ እንደሆን እሱ ራሱ ሮጦ ያሳየኛል፣
ወይም አያሳየኝም።

ማታ ሃመሶ ከሥራ ሲመለስ፣
ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲመልስ፣
ያቺን ቀይ መስመር አስባታለሁ።
በዚያ በእንሰቱ ዓመት፣ በዚያ መጋቢት፣
ሌሊት ተነሥቶ ወተት የሚያሞቅለት፣
ተይዞ የሚያፍርለት፣
ከጥናቱ የሚያስወጣው
አንድ ተረኛ አልነበረም።