ፈጋ

«መጀመሪያ መቼ ነው ያመማት?» አለ አዲሱ ሐኪሙ፤
ደላል ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ዘንድ ነው ቀለሙ።
ከቦርሳዬ አወጣሁት፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር፣
ፊቱ የሽንኩርትና የሩዝ ሒሳብ፣ ጀርባው የእሷ ነገር።

መጋቢት ሃያ አንድ፦ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ገባው።
ጃህራ ላይ ሰማዩ ጡብ መስሎ ነበር።
እናቷ «ጦዝ ነው» አለች፣ በሻይ ውኃ አጠበችላት፤
ሁላችንም በአቧራው አሳበብን።
አቧራው ጠራ። ዓይኗ አልጠራም።

ሚያዝያ ሦስት፣ በዓመቱ፦ ቀኝ እግሯ ምንጣፍ ላይ ቀረ።
«ደንዝዞብኝ ነው» አለች፤ ሦስት ሳምንት ደነዘዘ።
መጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ ደግሞ በዓመቱ፦
ወገቧን ዙሪያውን የሚያስር፣
ማንም ያላሰረው፣ ማንም የማይፈታው መቀነት።

የጂኦግራፊ መምህርት ናት።
ሰራያትን፣ ያንን የበልግ ማዕበል፣ ሰሌዳ ላይ በቀስት ታሳያለች።
ቀስቱ ዞሮ ወደ ራሷ እንደሚመጣ ማን ነገራት?

ሐኪሙ ደብተሬን እንደ ራጅ ወደ መብራቱ አነሳው፤
ፊደሉን አያነብ፣ ክፍተቱን ግን አየው።
«በብዙ ሰው ሲደመር» አለ፣
«ብርዱ ሲወጣ ይበረታል ይባላል፤
ምናልባት ፀሐይ ማነስ፣ ምናልባት ጉንፋን፣ ምናልባት…»
ሦስተኛውን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ።

ፀሐይ ማነስ! ኩዌት ላይ!
አስፋልቱ እንደ ሰም በሚለሰልስበት አገር
ፀሐይን በጠብታ ከፋርማሲ ገዛን፣
አራት ጠብታ ምላሷ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት።
ከመጋረጃ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋረጃ፣
ፀሐይን የሚያውቃት ማዶ ያለው ግንበኛ ነው።
እኔም ብሆን ልብስ ላሰጣ ስወጣ ነው የምንገናኘው።

ሐምሌ ሌላ ነው። ሐምሌ ይዋሻል።
ሙቀቱ የድሮውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣
ዓይኗን ያደበዝዛል፣ እግሯን ያከብዳል፤
በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አንገቷ ላይ አደርጋለሁ።
ከለቀቃት፣ የሙቀት ቀልድ ነበር።
ካደረ ግን ጫማዬን አጠልቃለሁ፣ ሾፌሩን እቀሰቅሳለሁ።
ይህን የትኛውም ኤጀንሲ አላስተማረኝም።

እናቷ ሱሄልን ትጠብቃለች፣
ነሐሴ ሲያልቅ በደቡብ በኩል ንጋት ላይ ብቅ የሚለውን ኮከብ፤
እሱ ከወጣ ሌሊቱ ይበርዳል።
እኔና ደላል ከሱሄል እስከ መጋቢት
በጣታችን እንቆጥራለን፣ እንደ ባለ ዕዳ።

በአራተኛው ዓመት መጋቢት መጣ።
እንደ ተኛ ውሻ፣ በእግራችን ጣት አለፍነው።
ሚያዝያ አለፈ። ግንቦት ላይ ፀጉሯን ተቆረጠች፣
እናቷ በግ አሳረደች።
ኅዳር አሥራ ሁለት፣ አቧራ በሌለበት፣
ጥርት ባለ፣ ማንም በማይወቅሰው ቀን፣
ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።
አነሳሁላት። እንደገና ወደቀ።

«የብዙ ሰው ወር ነው» አለ ሐኪሙ፣ «የአንድ ሰው አይደለም።»
ኅዳር ብዬ ጻፍኩ፣ እስክሪብቶው ሁለቴ እምቢ ብሎኝ።

ጥር ላይ፣ መድኃኒቱ በጉሉኮስ ገብቶ እጇን ከመለሰላት በኋላ፣
በረሃ ወጣን፣ ፈጋ ፍለጋ።
ከአሸዋ በታች ያድራል፣ ድንች ይመስላል፣
የነጎድጓድ ልጅ ነው ትላለች እናቷ፦
ጥቅምት ላይ ሰማዩ ካልጮኸ ጥር ላይ የለም።
«መብረቁን ሰው ይረሳዋል» አለች፣ «አፈሩ ነው የሚያስታውሰው።»

ደላል ቀና አለች።
«ያንቺ ስም ምን ማለት ነው?»
ስድስት ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።
እንጉዳይ፣ አልኳት፤ በእኛም አገር ነጎድጓድ ነው የሚወልደው፣
ማታ የለም፣ ጠዋት አለ።
«ፈጋ!» ብላ ሳቀች፣ «ቤቴ ውስጥ እያለች በረሃ እንከራተታለን!»

በከዘራዋ መሬቱን ትነካካለች፣ ስንጥቅ ትፈልጋለች፤
ለመቆሚያ የገዛነው ከዘራ ነው።
አንድ ቦታ ላይ አፈሩ ጥቂት አብጧል፣ እንደ ሊጥ።
ቆመች። አልቆፈረችም።
«ይኼ» አለችኝ፣ «መቼ ጀመረ?»
ደብተሩ እቤት ነበረ።