አራት ጣት

ጨው ብረት ይበላል።
ጥርሱን ሳያሳይ ነው፤ ቀስ ብሎ ይልሳል፣
ዘንድሮ ያብረቀረቀው ብሎን ለከርሞ ይኮሰምናል።
ሃያ ሦስት ዓመት ነጩን ሜዳ ያረሰ
የአባቴ ላንድክሩዘር በግራው አነከሰ።
ከኋላው ስታዩት
አንድ ትከሻውን ጥሎ ገበያ የሚወርድ ሽማግሌ ነው።
"መንገዱ ነው ያዘመመው" ይላል አባቴ ሳቱርኒኖ፣
መኪናውን ላለማማት።

በክሪክ አነሣሁት፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር፣
ካርቶን አንጥፌ ገባሁ ከሆዱ ሥር፤
አባቴ ባትሪ ይዞ ጎንበስ አለ ከበር።
ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል።
የኮልቻኒ ብርድ ነው ወይስ እጁ? አልጠየቅሁም።

ባሌስትራው፦
ዘጠኝ የብረት ቅጠል፣ አንዱ ባንዱ ተኝቶ፣
ዋናው እንደ ደረቅ ዳቦ ከመሀሉ ተገምሶ፣
ጎሚኒው አልቆ፣ ብረት ከብረት ተፋጭቶ፤
አሞርዛተሩ ዘይቱን ካለቀሰ ቆይቶ፣
አቧራው ከእንባው ላይ ጭቃ ሆኖ ደርቆ።

ሰው ሸክም ሲበዛበት ይጎብጣል፤
ባሌስትራ ግን ይቃናል።
ጎብጦ ነው የተወለደ፣ ጉብጠቱ ነው ጉልበቱ፤
ቀጥ ያለ ቀን አለቀ፣ መቃናቱ ነው ሞቱ።
ከታች የመኪናውን፣ ከላይ የአባቴን ጀርባ
በአንድ ባትሪ ብርሃን አየኋቸው፤
ያንዱን ደጋን አንዱ ወስዶበታል።

የመጀመሪያው ዳዶ እሺ አለ።
ሁለተኛው አጉረምርሞ ተፈታ።
ሦስተኛው ዝም። ጨው ከብሎኑ ጋር አጋብቶታል።
መፍቻው ላይ ቱቦ ሰካሁ፣ ቆምኩበት፣ ዘለልኩበት፤
ተሳደብኩ፤ በእናቴ ኬችዋ፣ ከዚያ በስፓኒሽ፣
ከዚያ ጎማ የቀየርኩለት ጀርመናዊ ባስተማረኝ ቃል።
ዳዶው ሦስቱንም አይሰማም።
የጋዝ መበየጃ ያለው ኤውሎሂዮ ደግሞ
ፖቶሲ ሠርግ ላይ ነው፤ እስከ ሰኞ አይነቃም።

መዶሻ ሳነሣ አባቴ ክንዴን ያዘ፦
"ተይ ኔሊዳ። ናፍጣ አጠጪውና ተኚ።
የተጣበቀ የሚለቀው ሌሊት ነው፣ ሰው ሳያየው።"

አልተኛሁም።
ኤውሎሂዮ በሠርጉ፣ ናፍጣዬ ሲሰርግ፣
በብሎኑ ጥርስ መሀል መንገድ ሲፈልግ
የሰማሁ መሰለኝ እስኪነጋ ድረስ።

ውርጩ ሳይለቅ ወጣሁ።
መፍቻውን አሳረፍኩ፤ ገና ክብደቴን ሳልጥል
ጭርር አለና ዞረ።
አባቴን ቀና ብዬ አላየሁትም። እሱም ምንም አላለ።

አዲሱ ባሌስትራ ከላ ፓስ በአውቶቡስ ጣሪያ የመጣ፣
ጥቁር፣ ቀለሙ ያልተላጠ፣ ጀርባው ቆንጆ ጎባጣ፤
ግራሶ ቀባሁት፣ ጎሚኒ ሰካሁለት፣ ገባ ሳይቆጣ።
በቀኙም እንዲሁ። አሞርዛተሩን አራቱንም።
ከዚያ ክሪኩን ለቀቅሁ፣
መኪናው ወረደ፣ ወረደ፣
ካሰብኩት ሳይደርስ ቆመ።
አራት ጣት ከፍ ብሏል። በአባቴ ጣት ለካሁት።

አባቴ ኮፍያውን አስተካክሎ በሩን ከፈተ፣
እግሩን አነሣ።
አልደረሰም።
ደግሞ አነሣ፣ ሱሪውን ጎትቶ ጉልበቱን አገዘው።
ስንት ዓመት አብረው ሲያጥሩ ኖረው
አንዱ ሳይነግረው ረዘመ።
ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።

የተሰበረውን ቅጠል ከአፈር አነሣሁት፤
ኤውሎሂዮ ሰኞ ከነራስ ምታቱ
በአባቴ በር ሥር በየደው።
ለመሸከም የማይረባ፣ ለመርገጥ ግን ልክ ነው።
አባቴ ረገጠው፤ ትንሽ ተወዛወዘ፤ ወጣ።

ጨዉ ላይ ስንደርስ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው፤
ያ የድሮ ሲጢጥታ የለም።
አባቴ ፍጥነት ቀነሰ።
"ቅርፊቱ የት እንደሚሳሳ በጩኸቱ ነበር የማውቀው፤
አሁን ዝም ብሏል። ምን እንደሚያስብ አላውቅም።"
መስኮቱን አወረደ።
መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣
ጆሮውን ወደ ጎማው አዘንብሎ
እንደ አዲስ ሙሽራ ቤት እንግዳ ያደምጠው ጀመር።