አቤት ባይ

ጥር ነው፤ ሳስካቱን ውጪው ሲቀነስ ሠላሳ፣
ሣጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሆዱ እንደተቀደደ ዓሣ።
የስንዴ መኪና መዛኝ ነው፣ ከሩቅ ጎተራ የመጣ፣
ሃያ ቶኑን አሥር ብሎ ባለ እህሉን ያስቆጣ።
አዲስ አእምሮ ገጠምንለት፣ አሮጌ ትዝታው ሳይነካ፤
ትዝታውን ማንበብ አቅቶት፣ ይገምት ኖሯል ለካ።

ትዝታው ያለው በአንዲት ጥቁር ቺፕ ነው፤ ከምስር ብዙ አትበልጥም፣
ስምንት እግር አላት፣ ግን ከሁለት ክር በላይ ለወሬ አትፈልግም።
አንዱ ክር ቃል ያመላልሳል፣ ሌላው እንደ ከበሮ ይመታል፤
ይህን የሚያነብ ድራይቨር፣ ጻፊ ተብሎ ለእኔ ተሰጥቷል።

ክሩ ላይ ብቻዋን አይደለችም።
ሰዓቱ አለ፣ ሙቀት ለኪው አለ፣ ማሳያው አለ፤
ጥሪ ሲያልፍ ሁሉም ይሰማል፣
ስሜ አይደለም ያለ ዝም ይላል።
ስሙ የሆነው ድምፅ አያወጣም፤
ክሩን ወደ ታች ይስባል፣ ለአንዲት ምት፣
ዝቅ ብሎ፣ እጅ እንደ መንሳት፦
አቤት።

ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ።
ክሩ ከፍ እንዳለ ቀረ፣
በኦሲሎስኮፑ መስኮት ቀጥ ያለ፣
ከከተማው ሲወጡ እንዳለው መንገድ፣ ዛፍ እንኳ የማይሰብረው።
ያነበብኩት ሁሉ ኤፍ ኤፍ፣ ኤፍ ኤፍ፣ ኤፍ ኤፍ።
ያልተጻፈበት ገጽም እንዲሁ ይነበባል፣
መላሽ የሌለው ጥሪም እንዲሁ፤
ባዶነትና ዝምታ መልካቸው አንድ ሆኖ አደከመኝ።

ሬዚስተሩን ቀየርኩ፣ የከበሮውን ፍጥነት ቀነስኩ፣
ብየዳውን በአጉሊ መነፅር እግር በእግር ፈተሽኩ፣
ሞታለች ብዬ፣ ልነቅላት፣ መበየጃውን አጋልኩ።

ዴል ፍሪሰን፣ የሚዛን ወጌሻ፣ አርባ ዓመት ብረት ያነሣ፣
ከኋላዬ ይጣራል፣ «ስኬል! ስኬል!» እያለ ሲያገሣ።
ሚዛኑን ነው ብዬ አልዞርኩም። እዚህ ቤት ሁሉም ሚዛን ነው።
መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ።
«ምሳ አትበዪም? ስጠራሽ አትሰሚም እንዴ?»
«መቼ ጠራኸኝ?»
«አሁን! ስኬል እያልኩ!»

ስሜ አስካለ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ ከዕቃው ጋር የሚያወራ መሰለኝ፤
እሱ ደግሞ ለካ፣ ኩሩ አድርጎ ቆጠረኝ።

የፊቱን «አ» ጥሎ፣
የቀረውን ገፋ አድርጎ —

ቆይ።

መበየጃውን አስቀመጥኩ።
መመሪያው አድራሻዋን ኤ ዜሮ ይላል፤
የማንበብና የመጻፍ ምልክቷን ከጭራው አብሮ ቆጥሮ።
ከስር ያለው ኮድ ግን ያቺን ምልክት ራሱ ይጨምራል፣
ስሙን አንድ ቤት ወደ ግራ ገፍቶ።
እኔ የተገፋ ሰጠሁት፣ እሱ ዳግመኛ ገፋው፣
የፊቱ ቢት ከአፋፉ ወደቀ፣ ወድቆም ማንም አላየው።
ከትናንት ማታ ጀምሮ ስጣራ የዋልኩት
እዚያ ክር ላይ የማንንም ስም አልነበረም።

አምስት ዜሮ። ቁልፉን ተጫንኩ።
ክሩ ዝቅ አለ።

ከዚያ መጣ፣ ባይት በባይት፣ ሳይቸኩል፦
የዜሮው ቁጥር፣ የክብደቱ ማባዣ፣ የማኅተሙ ቀን፣
መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል፣ ዲ እና ኤፍ።
ዴል ጎንበስ ብሎ አየ። መነፅሩን አወለቀ።
«ይሄንን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ፣ «ልጄ ሳትወለድ»፤
ሌላ አልጨመረም፤ ሳንድዊቹን ኪቦርዴ ላይ ረስቶት ቆመ።

ቆይቶ፣ ሊሞክር፣ አፉን ከፈተ፦
«አ... አስ... ካለ?»

ጨርሶ ልክ አልነበረም።
«አቤት» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።
ስክሪኑ ላይ፣ ዘጠነኛው ምት ዘንድ፣
መስመሩ የጎደጎደባትን ቦታ
በጣቴ አሳየሁት።