የባልዲው መንገድ

ሦስተኛ ክፍል በር፣ ቶሊዶ ከተማ፣
መወልወያዬን ተደግፌ ቆሜ ስሰማ፣
«ጨምድዱት» ትላለች ሚስ ሃላስ ለልጆች፤
ሃያ ሁለት ወረቀት፣ አርባ አራት እጆች።
«አሁን ደግሞ ዘርጉት፤ ግን ሙሉ አታቅኑት፤
እጥፋቱ ተራራ ነው፣ ስርጉዱን ሸለቆ በሉት።»

በየጉብታው አናት ቤታቸውን ሣሉ፤
ኒዛር የአጎቱን እርሻ፣ በቆሎውን ከነቅጠሉ፤
ኤሞሪ መኪና፣ ዘይቷ የሚያንጠባጥብ በዝግታ፤
ማርሊስ ውሻዋን፣ ሣር ላይ ሲጸዳዳ ጠዋት ማታ።
ቆሻሻው ቀይ ነው፤ በነጥብ ተነጠበ፤
ለራሱ ቤት ግን ሁሉም ቆጠበ።

«ዝናብ!» አለች፤ የአበባ መርጫዋን አነሣች፤
ሰማይ ሆና ሁለት ሦስቴ አነጠሰች።
መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዝም።
ቀዩ ነጥብ ተንሸራቶ ወረደ፤ አልቆመም።
የኒዛር ማዳበሪያ፣ የኤሞሪ ዘይት፣
በአንዲት እጥፋት ተገናኙ፣ ሳይጠያየቁ ማን ከየት፤
ባለቤቱን ረስቶ፣ ሁሉም ሮዝ መስሎ፣
ታች ጥጉ ላይ ረጋ «ኢሪ ሐይቅ ነኝ» ብሎ።
«ይህ ቀይ የማነው?» አለች፤ ኩሬው ዝም ብሎ ሰፋ፤
ጣት ሁሉ ወደ ጎን ተቀሰረ፤ ወደ ራሱ ያጠፈ ጠፋ።

እኔም ከበሩ ላይ ያ ተረት ታወሰኝ፦
ጅብ ከላይ እየጠጣ፣ አህያን «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ»።
ልስቅ ስል ማርሊስ ዞራ አየች ባልዲዬን፤
«አንተስ የት ትደፋዋለህ?» አለችኝ፤ ገለጠች ገበናዬን።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር፣
የብረቱን ወንፊት ሳጠጣው ኖርኩ፣ ሳሙናውን ከእድፉ ጋር።
መሬት ዋጠው እል ነበር፤ መሬት ግን አይውጥም፤
ለማሚ ወንዝ ያቀብላል፣ ወንዝም አይመርጥም።

መዋሸት ይቻል ነበር።

«እስከ ዛሬ» አልኩ፣ «ውጭ ነው»። ማንም ሳይስቅብኝ፣
ኤሞሪ ቀይ ቀለሙን ይዞ መጣና ሰጠኝ።
ከወረቀቱ ጉብታ ትምህርት ቤቱን ሣልኩ፣ ጎንበስ ብዬ፤
ከጎኑ አንድ ነጥብ፣ ከሁሉ አተልቄ፣ አድምቄ፣ አስተካክዬ።

ከዚያ ባልዲዬን አንሥቼ መንገዱን አረዘምኩት፤
ሁለት ፎቅ ወርጄ፣ ከጓዳው ማጠቢያ ደፋሁት።