ገና ነው

ሕዳር ታጥኖ አልፏል፤ ጭሱ ግን አልወጣም ከመጋረጃው፣
ነገ ጾም ይገባል፤
ቅቤና እንቁላሉ ዛሬ ካልተመታ መቼ ሊመታ ነው?

ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ዱቄት እየነፋሁ
መስኮቱን ስከፍት የሥላሴ ጉልላት፣ ከበላዩ ሰማይ።

የአባቴ ኬክ ነው።
የአባቴም አይደል፣ የማዳም ሲራኑሽ፤
ፒያሳ ተወልዳ ፒያሳ ያረጀች፣
በአርመንኛ ጸልያ በአማርኛ የምትሳደብ፣
ሲኒማ ቤት ደጃፍ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች።
እሷ ከታች በመስኮቷ፣
እሱ ከላይ ከማሽኑ ጋር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
አንድ የልደት ሰሞን ነገረችው፤
ከትኬት ጀርባ ላይ ጻፈው።
ፊቱ «ለአንድ ሰው ብቻ» ይላል፤
ጀርባው ግን ለሰፈር የሚበቃ ዘቢብ።

የእጅ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ቸኳላ፣
ፊልሙ ሳይበጠስ ሊጨርስ የሚሮጥ፦
«ዱቄት ሦስት ብርጭቆ፤ የሻይ እንጂ የውሃ አይደለም።
ቅቤው ለጋ ይሁን፤ ንጥር ከገባበት ኬኩ ወጥ ይሆናል።
ስኳሩን አጥቁረው፣ ሳይመር አውርደው።
ዘቢብና ተምር አረቄ ውስጥ ይደር።
ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ በጥቂቱ፤
ኮረሪማ»
እዚህ ላይ ማዳምን አልሰማትም፤ ከራሱ ጨመረ።

ተምሩን ከቤኒን መስጊድ በር ገዛሁ።
ሻጩ ልጅ «ለምንድነው?» አለኝ፤
«ላሰክረው» ብለው ምን ሊለኝ?
«ለልጆቼ» አልኩት።
ልጅ የለኝም።

እናቴ ወንበሯ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ
የብርቱካን ልጣጭ ትከትፋለች።
እጇ ምንም አልረሳም።
ስሜን የረሳችው አፏ ነው፤
«አንቺ ልጅ» ትለኛለች፤ ብልሃቷ ነው፣
ሁሉም የሰው ልጅ ነዋ።

ግማሽ ሰዓት እንደበሰለ መብራት ጠፋ።
ሕንጻው ሁሉ «ወይ!» አለ፤ ፎቅ ከፎቅ ተቀባበለው።
ኬክ መብራት ኃይልን አይጠብቅም፤
ኦቨኑን ብከፍት ይወድቃል፣ ባልከፍት ሊጥ ሆኖ ይቀራል።
ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ዘነቡ ምድጃዋ በጋዝ ነው።
ትኩሱን መጋገሪያ በፎጣ አቅፌ
ደረጃውን በእግሬ እየዳሰስኩ ወረድኩ፤
ልጇ ናሆም ከኋላዬ፣ በስልኩ እያበራ፤
ጥላዬ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ገዘፈ፣
ትልቅ ሴት ሆንኩ፣ ፊልም ውስጥ ያለሁ፣ የሚጤስ ነገር የታቀፍኩ።
አባቴም እንዲህ ነበር የሚያበራው፤
ከኋላ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው።

መሃሉ ሰመጠ። ሰምጦም በሰለ።
ዘነቡ አየችውና «ይሄማ ሳህን ነው» አለች።
«አረቄው የት ይተኛ ታዲያ?» አልኳት።

ማሽኑ ሲቀየር አባቴ
ባዶ የፊልም ቆርቆሮ ይዞ ወጣ፤ ጡረታው መስሎት።
ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ክፍል ፭»፤
የምን ክፍል አምስት፣ የሚያውቅ የለም።
ኬኩን ጠቅልዬ አስተኛሁት እዚያ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፤ አንድ ማንኪያ አረቄ።
ለእኛ ሽሮ፣ ለእሱ አረቄ።
አርባ ሦስት ቀን እኛ ስንጾም፣ እሱ ሲጠጣ፣
እኛ ስንገረጣ፣ እሱ ሲጠቁር፣ ሽታው ከቁምሳጥን ሲወጣ።
ትናንት ክዳኑ ጮኸ፤ እናቴ ቀና አለች፣
አየሩን አሸተተች፦
«ወርቃፈራው መጣ? የማታው ፊልም አለቀ?»

ሦስት ዓመቱ ነው ዮሴፍ ከተኛ።
ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።
ውሸት እንዳይሆን፣ እውነትም እንዳይሆን፣
«ገና ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«ገና ነው?»
ፊቷ በራ። ነጠላዋን አስተካከለች፣
ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።
«ታዲያ ምን ያስቆምሻል፣ አንቺ ልጅ፤
ቁረሺዋ!»