የውኃ በር ጠባቂው ደም

ጌንት ከተማ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።
ቦዩ ከመስኮቱ ሥር ያንቀላፋበት፣
ዝናብ የሚዘንበው እንደ ሰነፍ ወሬ፣
ላያቆም፣ ላይጠና፣ ከትናንት እስከ ዛሬ።

ኦዲሎን ተኝቷል፣ አልጋ ቁጥር አራት፤
ዕድሜውን የገፋ ውኃ በር በመክፈት፤
ጀልባ ሲመጣበት ብረቱን አዙሮ፣
ውኃውን ከፍ ዝቅ፣ መንገዱን አሳምሮ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ሌላውን ያሳለፈ፣
እሱ ግን በዚያ በር አንዴም ያላለፈ።

አሁን እሱ ቦይ ነው።
ክንዱ ላይ ከገባው ከቀጭኑ ቱቦ
የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወርዳል ተስቦ።
ልብ ይቀበላል፣ ለሳንባ ይልካል፣
ሳንባም መልሶ ለልብ ያቀብላል፤
ከዚያ ወዲያ መንገድ በየአቅጣጫው ነው፤
ደም የሚበዛበት ቀድሞ የሚደርሰው፤
ጉበትና ኩላሊት፣ የከተማው መኻል፤
ጡንቻ ይከተላል፤
ስብ እንደ ሩቅ ዘመድ ዘግይቶ ይሰማል፤
የተቀበለውንም ቶሎ አይመልስም።
አንጎል ደጃፍ ዘበኛ አለ፤
ዘይት ያልወደደ በዚያ በር አያልፍም።

ወረቀቱ መጣ። ዶክተር ሔርሊንደ አየች፤
«በደሙ ያለው አንሷል፣ እንጨምር» አለች።
እኔ የሌሊቱ ፋርማሲስት ነኝ።
ቁጥሩን ደግሜ አየሁት፤ አልቡሚን አሥራ ዘጠኝ፣
ከሚገባው ግማሽ፤ ነገሩ ቆጠቆጠኝ።
የሽማግሌውም ዓይን ይዋልላል፣
ገመዱ የላላ ጀልባ ይመስላል።

አልጋው ጫፍ ተቀመጥሁ፤
በተሰባበረ ፍላሚሽኛዬ፦
«ፕሮቲን ጀልባ ነው፤ መድኃኒት አዝሎ ይዞራል፤
የታዘለው አይሠራም፣ የወረደው ይሠራል።
የእርስዎ ጀልባ ግን አነሰ፣
ጉበትዎ ሲደክም...»
አላስጨረሰኝም።
«በጀልባ ቁጥር ጭነት የሚገምት ሞኝ ነው» አለ።
«አንድ ክረምት ጀልባ ጠፍቶ፣ ቦዩ ባዶ ሲመስል፣
ወደቡ ተጨናንቆ ነበር በወረደ ከሰል።»

ሔርሊንደ ዝም አለች። ብዕሯን መለሰች።
«ያልታሰረው ብቻ ይለካ» ብላ ጻፈች።

ጠዋት ውጤቱ መጣ፤ ከልክ በላይ ሆኖ።
የታሰረውን ቆጥረን፣ የተፈታውን ረስተን፣
ልንጨምርለት ነበር፣ በገዛ ቦዩ አስጥመን።
እንቆቅልሹ ተፈታ፤
እሱ ግን ገና ነው፣
ከተፈታው ጋራ ታስሮ የሚያድረው።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ረጋ።
ሾርባውን ራሱ ጠጣ፣ ጨው አንሷል ብሎ አማረረ።
«ስብ ውስጥ የገባውስ? መቼ ይወጣል?» አለኝ።
«በቀስታ ነው፣ ጥቂት በጥቂት» አልሁት።
ወደ መስኮቱ ዞረ፤
«ታዲያ እንደ ቦይ ነዋ።
በሩን ትከፍታለህ እንጂ
ውኃውን አትገፋውም።»