ክርስትና በሚዛን ቤት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፣
ሰምቻለሁ እኔም፤
ለልጅ ይሆን ይሆናል፣
ለአይብ ግን አይደለም።

ኔልቼ፣ የክራይን ሚስት፣ ከባሕር በታች ባለች መንደር፣
ግድቡ አንድ ሌሊት ቢያንቀላፋ ዓሣ በሚወርሳት ምድር፣
ሳይነጋ ትነሣለች፤ ብርድ በሰነጠቀው ጣት
አምስት ላም ታልባለች፤ ነጥፋለች የሁሉም እናት።
ወተቱን በጥጃ ጨጓራ አርግታ፣
ቆርጣ፣ ጨምቃ፣ በጨው ውሃ ነክራ አውጥታ፣
በሳንቃ ላይ ትደረድራለች።
ከዚያ በየማለዳው፣ እንደ አልጋ ቁራኛ፣
ጎኑ እንዳይላጥ ትገለብጠዋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ክራይን በጀልባ ጭኖ፣
በቦዩ ላይ ከጭጋጉ ጋር አብሮ ተኖ፣
ጋውዳ ይደርሳል። ጋውዳ ላም የላት፣ ሣር የላት፤
ሚዛን ነው ያላት።

ነጋዴው አይቡን በቀጭን ብረት ይወጋል፣ ያሸታል፣
«አምስት!» ብሎ የክራይንን መዳፍ በመዳፉ ያጮላል፤
«ሰባት!» ጯ! «ስድስት!» ጯ! መዳፍ እስኪቀላ ድረስ።
ስድስት ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ሊስቅ፣ አንዱ ሊያለቅስ።

ጸሐፊው ከሚዛኑ ሥር ብዕሩን ነክሮ
ክብደቱን ጻፈ፣ ቀረጡን ቆጥሮ።
«ማን ሠራው?» የሚል መስመር መዝገቡ ላይ አልነበረም፤
ማንም አልጠየቀም።
አይቡ ጋውዳ ሲገባ ስም አልነበረው፣
ጋውዳ ተብሎ ወጣ። እንዲህ ነው የተጠመቀው።

ወይን ይሁን ሰናፍጭ፣ ወይ ኮምጣጤ በማሰሮ፣
ስሙን ወደብ ያወጣል፤ ላቡን ያወጣል ጓሮ።

ዓመታት አለፉ። ዬሪስ፣ መርከበኛው ልጇ፣
ጢም አብቅሎ ቆመ ከደጇ።
«እማ፣ ሊዝበን ወደብ ላይ አንድ ባለሱቅ ቢላዋ ስሎ፣
"ጋውዳ ነው፣ ቅመስ" አለኝ፣ ስስ ቁራሽ ቆርጦ ነጥሎ።
ቀመስኩ። የቦያችን ዳር ሣር፣ የላሞቻችን ወተት፤
ቅርፊቱ ላይ ደግሞ፣ እማ፣ ያንቺ አውራ ጣት
ገብታ የወጣችበት ምልክት!
"ጋውዳ አይደለም፣ የእናቴ ነው" ብላቸው፣
ሳቅ ሆዳቸውን አስያዛቸው።
"እናቴ የሚባል አገር የት ይሆን?" አሉኝ፣
ካርታ ዘረጉልኝ።»

ኔልቼ አልሳቀችም፤ አልከፋትምም።
ከሳንቃው አንዱን አነሣች፣ ገለበጠች፣ በመዳፏ ዳሰሰች።
ስለ ስሙ አንድ ቃል አልወጣትም።
ኋላ ግን፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«ጨው በዝቶበት ነበር?»